«ኤምአርአይ ሰኞ ነው» ተብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ካሳ መጠየቅ እችላለሁ?

የአንባብያን የሕግ ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ ቢመጡም ጉዳያቸው ተቀራራቢ ነው፤ በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ ተጨቁኖ ሳለ ሕክምናው በመዘግየቱ ዘላቂ ጉዳት ደርሷል የሚል ነው። ሁለቱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ተጽፈዋል። ጠያቂዎቹ እንዳይታወቁ ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል። የሚሰጠው ማብራሪያ አጠቃላይ ስለሆነ መዝገቡን አይቶ የሚመክር ጠበቃን አይተካም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ዕድሜዬ 41 ሲሆን በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራ ነበር። ለወራት ወደ ግራ እግሬ የሚወርድ የወገብ ሕመም ነበረብኝ። አንድ ሐሙስ ማታ ግን ሕመሙ ሁለቱንም እግሮቼን ያዘኝ፤ መቀመጫዬም ደነዘዘ። ዓርብ ጠዋት ለቤተሰብ ሐኪሜ ደውዬ ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኩት፤ ማስታገሻ አዘዘልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽንቴ አልጀምር እያለ አስቸገረኝ፤ መሽናቴንም የማውቀው በድምፁ ብቻ ሆነ። ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስሄድ የ14 ዓመት ልጄ አስተረጎመችልኝ። ሐኪሙ ስለ ሽንት ሲጠይቅ ልጄ አፍራ «ደህና ናት» ብላ እንደመለሰች የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሐኪሙ እግሮቼን አንስቶ አየ፤ ከወገብ በታች ስሜቴን ግን አልመረመረም። ኤምአርአይ በዕረፍት ቀን እንደማይኖርና ሰኞ እንደሚደረግልኝ ተነግሮኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እሑድ ጠዋት ሽንቴ ፈጽሞ ቆመ፤ ሰኞ ቀጠሮ አለኝ ብዬ ታገስኩ። ሰኞ ጠዋት በአምቡላንስ ተወስጄ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ገባልኝ፣ ማታ ኤምአርአይ ተነሣሁ፣ ማክሰኞ ንጋት ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። እስከ ዛሬ ሽንቴን በቱቦ ነው የማወጣው፤ ግራ እግሬ ይደክማል፤ ሥራዬን ትቻለሁ፤ ትዳሬም እንደ ቀድሞው አይደለም። መዝገቤ ግን «የሽንት ችግር የለም» ይላል። መብት አለኝ? ወይስ የልጄ ቃል ነገሩን ዘግቶታል?
ሰ. መ.፣ ከለንደን

መልስ፦ መብት አለዎት፤ የልጅዎ ቃልም ነገሩን አልዘጋውም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ስለ ጊዜ ልንገርዎ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ሕግ ለአካል ጉዳት ክስ የሚሰጠው ሦስት ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ነው፤ ተጎጂው ጉዳቱ ከሕክምና ጉድለት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ያወቀው ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረው ከዚያ በኋላ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ቀን ይጀምራል። ፍርድ ቤት ያለፈ ጊዜን በልዩ ምክንያት የመፍቀድ ሥልጣን ቢኖረውም፣ በእርሱ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አይመከርም። የቀረኝ አሥር ወር ነው ብለው ይነሡ። መዝገብ ለማሰባሰብ፣ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም አስተያየት ለማግኘትና ለተከሳሾቹ ዝርዝር የካሳ ጥያቄ ለመጻፍ አሥር ወር ረጅም ጊዜ አይደለም።

የደረሰብዎት ሕመም ኮዳ ኢኩዋይና ሲንድሮም የሚባለው ይመስላል። ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች እግርን ብቻ ሳይሆን የሽንት ፊኛን፣ የሰገራ መውጫን፣ ብልትንና ስንቀመጥ ወንበሩን የሚነካውን ገላ ሁሉ ያዝዛሉ። ብዙውን ጊዜ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው፣ ወይም ከእርሱ ቀጥሎ የሚገኘው ዲስክ ተገፍቶ ሲወጣ እነዚህን ነርቮች ባንድነት ይጨቁናቸዋል። ተራ የወገብ ሕመም በማስታገሻና በእንቅስቃሴ ሊሻል ይችላል፤ ይህ ግን በሰዓታት የሚቆጠር ድንገተኛ ሕመም ነው። ሕመሙ ሁለቱንም እግሮች መያዙ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ መደንዘዙ፣ ሽንት ለመጀመር መቸገር፣ መሽናትን በስሜት አለማወቅ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ የቤተሰብ ሐኪም በስልክም ቢሆን ጠይቆ ሊለያቸው የሚገቡ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ጠበቃዎ የቅዳሜውን ምርመራ ብቻ ይዞ እንዳይቀር፤ የዓርቡ የስልክ ንግግርም ራሱን የቻለ የክስ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ቸልተኛ ነበር የሚባለው ውጤቱ ስለከፋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1957 የቦላም ፍርድ ጀምሮ የሚጠየቀው በዚያው ሙያ ያሉ ኃላፊነት የሚሰማቸው ባለሙያዎች የሚቀበሉትን አሠራር ተከትሎ ነበር ወይ ተብሎ ነው። በ1997 የተወሰነው የቦሊቶ ጉዳይ ደግሞ ያ አሠራር ራሱ በአመክንዮ ሲፈተሽ መቆም መቻል አለበት ሲል ገደብ አበጅቶለታል። በእርስዎ ጉዳይ መመዘኛውን ተጨባጭ የሚያደርግ ሰነድ አለ። «ጌቲንግ ኢት ራይት ፈርስት ታይም» የሚባለው የኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ያወጣው ብሔራዊ መመሪያ ኮዳ ኢኩዋይና የተጠረጠረበት ሰው ኤምአርአይ ከተጠየቀለት ጊዜ አንሥቶ ቢዘገይ በአራት ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ ያዝዛል። መመሪያ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ከእርሱ የወጣ ሆስፒታል ለምን እንደወጣ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ «ዕረፍት ቀን ነበር» የሚለው ምክንያት ደግሞ ለማሳመን የሚበቃ አይመስለኝም። ሌላም አለ። በሽተኛው ከሸና በኋላ በፊኛው ውስጥ የቀረውን ሽንት በአልጋው አጠገብ በትንሽ አልትራሳውንድ መለካት ቀላል ሥራ ነው፤ የቀረው ከ200 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ያ መሣሪያ ቅዳሜ ዕለት ሆድዎ ላይ ተደርጎ እንደሆነ ያስታውሱ፤ ካልተደረገ ይህንኑ በጽሑፍ ያስፍሩ።

ወደሚያስጨንቅዎ ነገር ልምጣ። «የሽንት ችግር የለም» የሚለው ቃል በመዝገብ መስፈሩ ለሆስፒታሉ ጥሩ ጋሻ መሆኑን አልደብቅዎትም፤ ዳኞች በዕለቱ ከተጻፈ መዝገብና ከዓመታት በኋላ ከሚነገር ትዝታ ወደ መዝገቡ ማዘንበላቸው የተለመደ ነው። ሆኖም መዝገቡ የያዘው የእርስዎን ቃል ሳይሆን የአንዲት ልጅን ቃል ነው። በኤንኤችኤስ መመሪያ መሠረት ለታካሚ ባለሙያ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ የተቋሙ ኃላፊነት ነው፤ ቤተሰብ፣ ይልቁንም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ፣ እንዲያስተረጉም መተው አይገባም። ስለ ሽንትና ስለ ብልት በእናትና በልጅ መካከል መነጋገር በእኛ ቤት ምን ያህል እንደሚከብድ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለእንግሊዛዊ ዳኛ ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ በምስክርነት ቃልዎ ላይ «አፍራ ነው» ከማለት አልፈው፣ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ልጅዎ ወደ እርስዎ ዞራ ምን እንዳለች፣ እርስዎ በአማርኛ ምን እንደመለሱ በዝርዝር ይጻፉ። ልጅዎም ካልከበዳት የራሷን ቃል ልትሰጥ ትችላለች፤ ጥፋተኛ እየተባለች እንዳልሆነ ግን ጠበቃው ሳይሆን እርስዎ አስቀድመው ይንገሯት። ደግሞም ሐኪሙ የመቀመጫ አካባቢ ስሜትን አለመመርመሩ በማንም ትርጉም ላይ የሚንጠለጠል አይደለም፤ ሁለት እግሯን የሚያማትን ሴት መርምሮ ለመለየት ቋንቋ እምብዛም አያስፈልገውም ነበር።

በዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙ ክሶች የሚወድቁት ግን የሐኪሙን ስህተት ማሳየት አቅቷቸው አይደለም። ስህተቱ ባይፈጸም ኖሮ ውጤቱ የተለየ ይሆን እንደነበር ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል ማስረዳት የከሳሹ ሸክም በመሆኑ ነው። ይህ ሸክም ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 የወሰነው የሆትሰን ጉዳይ ያሳያል። የ13 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወድቆ ዳሌው ሲጎዳ ሆስፒታሉ ጉዳቱን ሳያውቅለት አምስት ቀን አለፈ። በወቅቱ ቢታከም ኖሮ ከዘላቂ ጉዳት የመዳን ዕድሉ 25 በመቶ ነበር ተብሎ ስለተገኘ የሥር ፍርድ ቤቶች የካሳውን ሩብ ፈረዱለት፤ የጌቶች ምክር ቤት ግን ቀድሞውኑ በ75 በመቶ ዕድል መጎዳቱ አይቀርም ነበር ሲል ለዚያ ጉዳት የተፈረደለትን ካሳ ሻረው። የጠፋ ዕድል በመቶኛ ተመዝኖ አይከፈልም፤ በአንጻሩ 51 በመቶ ያሳየ ሰው ሙሉውን ያገኛል።

የአከርካሪ ሐኪሞች ኮዳ ኢኩዋይናን በሁለት ደረጃ ያዩታል። በአንደኛው ታካሚው ሽንቱ አስቸግሮት፣ ስሜቱ ቀንሶ፣ ነገር ግን ፊኛው ገና በራሱ ቁጥጥር ሥር ነው። በሁለተኛው ፊኛው ሥራውን አቁሞ ሽንት ይቋጠራል፣ ሞልቶም ይፈስሳል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ነርቩ የተለቀቀለት ሰው የፊኛውን ሥራ ይዞ የመቆየት ዕድሉ እጅግ የተሻለ መሆኑ በስፋት ተቀባይነት አለው፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ተከሳሾች «ከዚያ ወዲያ ጥቂት ሰዓት ቢቀድም ባይቀድም ለውጥ አያመጣም ነበር» ብለው ይከራከራሉ። እርስዎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽንትዎ ዘግይቶ ቢሆንም ይወጣ ነበር። የቆመው እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ማታ ኤምአርአይ ተነሥተው ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ቢደረግልዎ ኖሮ ነርቩ የሚለቀቀው ፊኛው ከመቆሙ በፊት ይሆን ነበር ማለት ነው። የክስዎ ልብ ይህ ነው፤ በመሆኑም እሑድ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ የሸኑት በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለማን እንደተናገሩ፣ ለማን እንደደወሉ፣ የላኩት የስልክ መልእክት ካለም ሳይጠፋ ያስቀምጡ። ለእህት የተላከ «ከሌሊት ጀምሮ አልሸናሁም» የምትል አንዲት የቴሌግራም መስመር፣ ሰዓቷ ከጎኗ ስላለ፣ ከባለሙያ ሪፖርት እኩል የምትመዘንበት ጊዜ አለ።

የግራ እግርዎ ድካም ለብቻው መታየት አለበት። ሕመሙ ከቅዳሜ በፊትም ወደ እግርዎ ይወርድ ስለነበር ባለሙያው የእግሩ ጉዳት በከፊል በወቅቱ ቢታከምም ይቀር እንደነበር ሊናገር ይችላል። ካሳው የሚሰላው ያለ መዘግየቱ ይኖሩት በነበረው ሕይወትና አሁን በሚኖሩት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

እሑድ ሽንትዎ ቆሞ ሳለ እስከ ሰኞ መቆየትዎ ይነሣል፤ አይጠራጠሩ። መልሱ የሚገኘው ቅዳሜ ሲሸኙ በተሰጠዎት ወረቀት ላይ ነው። ሽንት ቢቆም ወዲያውኑ እንዲመለሱ በሚገባዎት ቋንቋ ተነግሮዎት ከነበረ መቆየትዎ ካሳውን ሊያስቀንስ ይችላል፤ ካልተነገረዎት ግን አለመነገሩ ራሱ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳርንሊ ጉዳይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ለሄደ ሰው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ «ለአምስት ሰዓት ያህል ትጠብቃለህ» ብላ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቷና ሰውዬው ትቶ በመሄዱ ሆስፒታሉን ተጠያቂ አድርጓል። ሐኪም ያልሆነች ሠራተኛ የሰጠችው የተሳሳተ መረጃ ኃላፊነት ካስከተለ፣ «ሰኞ ነይ» ብሎ የሸኘ ሐኪም ቃል አያስከትልም ማለት ይከብዳል።

«ስንት ፓውንድ ይወጣዋል?» የሚለውን ጥያቄ በደብዳቤዎ ላይ አለመጻፍዎን አደነቅሁ፤ ብዙዎች ከዚያ ይጀምራሉ፣ የጠበቆች ማስታወቂያም በትልልቅ ቁጥር ያስጎመጃቸዋል። የካሳው አነስተኛ ክፍል ለሕመሙና ለተቃወሰው ኑሮ፣ የትዳር ግንኙነትን ጨምሮ፣ የሚከፈለው ነው። ከፍ የሚለው የሥራ ገቢ፣ የእንክብካቤ፣ የካቴተር፣ የፊዚዮቴራፒ፣ የመኖሪያ ቤት ማስተካከያና የመጓጓዣ ወጪ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ ሲሰላ ነው። የወደፊቱ ወጪ አሁን በአንድ ጊዜ ሲከፈል ገንዘቡ ወለድ ያወጣል ተብሎ ይቀነስለታል፤ ይህ መጣኔ በእንግሊዝና በዌልስ ከጃንዋሪ 11 ቀን 2025 ጀምሮ 0.5 በመቶ ሲሆን ከዚያ በፊት ከዜሮ በታች 0.25 በመቶ ስለነበር ረጅም ዘመን የሚሰላላቸው ካሳዎች ቀደም ሲል ከነበሩት አንሰዋል። ወገኖቻችን ሁልጊዜ የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ ባለቤትዎ፣ እህትዎ ወይም ጎረቤትዎ ያለ ክፍያ ያደረጉልዎት እንክብካቤም ይካሳል። ፍርድ ቤቶች የሚከፈለው ሠራተኛ የሚያገኘውን ዋጋ ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሰው ያሰሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በተወሰነው የሀንትና ሴቨርስ ጉዳይ መሠረትም ገንዘቡን የሚቀበሉት ለተንከባካቢው በአደራ ነው። «እህቴ ናት፣ ምን ይቆጠራል» ብለው አይተዉት፤ ማን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደረዳዎት ይመዝግቡ።

አሁን የሚሠሩት ይህን ነው። ከቤተሰብ ሐኪሙም ከሆስፒታሉም ከአምቡላንስ አገልግሎቱም ሙሉ መዝገብ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ ያለ ክፍያ ሊሰጡዎት ይገባል። የድንገተኛ ክፍሉን የመጀመሪያ ምዝገባ ሰዓት፣ የኤምአርአይ መጠየቂያው የተላከበትን ሰዓትና የዓርቡን የስልክ ንግግር ቅጂ ለይተው ይጥቀሱ፤ የስልክ ቅጂዎች ለዘላለም አይቀመጡም። ጠበቃ ሲመርጡ በሕክምና ቸልተኝነት ላይ በሕግ ማኅበሩ የተመሰከረለት መሆኑንና ከዚህ ቀደም የኮዳ ኢኩዋይና ጉዳይ መያዙን ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የሚሠራው «አክሽን አጌንስት ሜዲካል አክሲደንትስ» የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በነጻ ያማክራል። ጠበቃው የክስ ደብዳቤውን ከላከ በኋላ ተከሳሹ አጥንቶ ለመመለስ አራት ወር ይሰጠዋል፤ በኤንኤችኤስ በኩል የሚከራከረው ኤንኤችኤስ ሬዞሉሽን ነው፤ አብዛኛውም ጉዳይ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ በስምምነት ያልቃል። በዚህ መካከል ሆስፒታሉ ይቅርታ ቢጠይቅዎ በጸጋ ይቀበሉ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የካሳ ሕግ መሠረት ይቅርታ መጠየቅ በራሱ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ ይወቁ።

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ጥያቄዬ ገና አልተወሰነም። በዲስክ መንሸራተት ምክንያት የእግሬ ጣቶች ወደ ላይ አልነሣ ማለታቸውን ሁለት ጊዜ ለሐኪም ተናግሬ ዘግይተው ስላከሙኝ እግሬን እየጎተትሁ ቀረሁ። አንድ ጠበቃ «ካላሸነፍን አትከፍልም፣ ካሸነፍን 25 በመቶ እወስዳለሁ» አለኝ። መንግሥትን መክሰሴ ማመልከቻዬን አያበላሽብኝም? ውሉስ ወጥመድ አይደለም?
ተ.፣ ከሊድስ

መልስ፦ የመኖሪያ ፈቃድ አለመኖር ካሳ ከመጠየቅ አያግድም፤ የጥገኝነት ማመልከቻ የሚመዘነው በራሱ መመዘኛ ነው፣ የካሳ ክስ ማቅረብም ማመልከቻውን ለመቃወም ምክንያት አይሆንም። የጥገኝነት ጠያቂ በእንግሊዝ ለኤንኤችኤስ ሕክምና እንደ ውጭ አገር ጎብኚ አይከፍልም፤ ስለዚህ «ሂሳብ ይጠየቅብኛል» የሚለው ስጋትም መነሻ የለውም።

ውሉ ወጥመድ ሳይሆን የተለመደ አሠራር ነው። ከኤፕሪል 2013 ወዲህ መንግሥት ለሕክምና ቸልተኝነት የሚሰጠው የጠበቃ ድጋፍ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት ስምንት ሳምንታት የነርቭ ጉዳት ለደረሰባቸው ሕፃናት ብቻ ስለተወሰነ፣ ሌላው ሰው የሚከራከረው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ውል ነው። ሆኖም 25 በመቶው ከምኑ ላይ እንደሚወሰድ ይመልከቱ፤ የስኬት ክፍያው ከዚያ ጣሪያ ሊበልጥ የማይችለው ለሕመም ከተከፈለውና እስከ ፍርዱ ቀን ከደረሰው ኪሣራ ላይ ሲሆን፣ ለወደፊት እንክብካቤና ገቢ የሚከፈለው አይነካም። ውሉ «ከጠቅላላው ካሳ» የሚል ከሆነ ሳይፈርሙ ይጠይቁ። የክርክር ወጪ መድን ዐረቦን ማን እንደሚከፍልም ያስጽፉ። ከተሸነፉ የተከሳሹን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉም፤ በፍርድ ቤት ሐሰት መናገርዎ ከተረጋገጠ ግን ይህ ጥበቃ ይነሣል። በመጨረሻም ካሳው በእጅዎ ሲገባ በገቢ ተመዝነው የሚሰጡ ድጎማዎችን ሊያስቆም ስለሚችል፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የአካል ጉዳት አደራ ሒሳብ ስለማቋቋም ጠበቃውን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ አባታችን በአዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል የወገብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በዚያው ሌሊት እግራቸውን ማንቀሳቀስ እያቃታቸው መሆኑን ለተረኛዋ ነርስ ደጋግመን ብንነግራትም «የማደንዘዣው ነው» ብላ አረጋጋችን፤ ሐኪም የመጣው ጠዋት ነው። ደም ተጠራቅሞ ነርቡን ስለተጫነ እንደገና ተከፈቱ፤ አባታችን ግን ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናቸው። ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኗል። ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ካመለከትን ስድስት ወር አልፎናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። ክሱን ከዚያ በኋላ እናቅርብ?
የአባታቸው ልጆች፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አትጠብቁ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚመነጭ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ለኮሚቴ ማመልከት የፍርድ ቤት ክስ አይደለምና ይርጋውን ያቋርጥልናል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። አባታችሁ ከሆስፒታሉ ጋር የሕክምና ውል ስለነበራቸው የአንቀጽ 1845 የአሥር ዓመት ይርጋ ይሠራል የሚል ክርክር ማንሣት ይቻላል፤ ድርጊቱ ወንጀል ከሆነም ረዘም ያለው የወንጀል ይርጋ እንዲጸና ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል ማጉደልን ይቀጣልና። እነዚህ ግን ዘግይቶ ለመጣ ሰው የሚቀሩ መከላከያዎች ናቸው፤ አምስት ወር በእጁ ያለ ሰው አያስፈልጉትም።

የክሱ መሠረት አንቀጽ 2031 ነው፤ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበትና በሳይንሱ ወይም በሙያው የታወቀውን ጥሶ ሲገኝ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነርሷና ሐኪሙ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ከሆኑ በአንቀጽ 2130 መሠረት ሆስፒታሉ አብሮ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ክሱ በግለሰቦች ላይ ብቻ እንዳይቀር አድርጉ። ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ተጠራቅሞ ነርቭን መጫን የታወቀ አደጋ ነው፤ መከሰቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ያለው እግር እየደከመ ሲሄድ ባለመመርመሩና ሐኪም ባለመጠራቱ ላይ ነው። በመሆኑም ለእናንተ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የሌሊቱ የነርስ መከታተያ ቅጽ ነው፤ የእግር ጉልበትና ስሜት በየስንት ሰዓቱ ተመዝግቧል? ወይስ የደም ግፊትና የሙቀት መጠን ብቻ ነው የተጻፈው? ሆስፒታሉ ቅጂውን ከከለከለ ፍርድ ቤቱ መዝገቡ እንዲቀርብ ትእዛዝ እንዲሰጥ ጠይቁ። ያን ሌሊት አልጋው አጠገብ የነበራችሁት ሁሉ፣ ለነርሷ የነገራችሁበትን ሰዓት እየጠቀሳችሁ፣ አሁኑኑ በየራሳችሁ ጻፉ፤ ተስማምታችሁ አንድ ዓይነት ቃል አትጻፉ፤ እንዲህ ያለው ቃል በመስቀለኛ ጥያቄ አይቆምም።

የኮሚቴው ሥራ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ፍርድ ቤቶች የሙያ ጉድለት መኖሩን ለማወቅ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴን አስተያየት የሚጠይቁበት አጋጣሚ ብዙ ስለሆነ ውሳኔው በመዝገባችሁ ላይ ይመዝናል። ክሱን አቅርባችሁ፣ የኮሚቴው ውጤት እንዲጠበቅ ለችሎቱ ማመልከት ትችላላችሁ።

ስለ ካሳው መጠን፣ አንቀጽ 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 2092 የወደፊቱንም ጉዳት ይጨምራል። የሕክምና፣ የአስታማሚ፣ የተሽከርካሪ ወንበርና የቀረ ገቢ ሒሳብ በደረሰኝ ይያዝ፤ ደረሰኝ የማይገኝለት ሲሆን ዳኛው በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ ሊወስን ይችላል። የሚያሳዝነው ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ነው፤ አንቀጽ 2116 ንዑስ አንቀጽ 3 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ቀን የሆስፒታል አልጋ እንኳ አይበቃም፤ ሕግ አውጪው እስከ ዛሬ ሳይነካው መቅረቱ ለማንም የሚከብድ ነው። ስለዚህ ድካማችሁን በዚህ ላይ ሳይሆን በወደፊቱ የእንክብካቤ ወጪ ስሌት ላይ አውሉት፤ አባታችሁ በቀን ስንት ሰዓት ረዳት እንደሚያስፈልጋቸው የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ከክሱ ጋር አያይዙ። የዳኝነት ክፍያው የሚከብዳችሁ ከሆነ በድሃ ደንብ (ክፍያውን ሳይከፍሉ) ለመክሰስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው ግን ራሱ መጥሪያና ማጣሪያ ስላለው ከሁለት ዓመቱ ማብቂያ በደንብ ቀደም ብሎ ቢገባ ይሻላል።